ልጄ ከባዱን ደረጃ የመረጠ ዕለት

በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን፦ ዳንግላ ገበያ ጥግ ጌም ቤት የከፈተው ጎልማሳ፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል የነበረው የበኩር ልጄ፣ እና እሱን ጎትቼ ላወጣ የገባሁት እኔ። ጨዋታ ጊዜ ይበላል፤ ዛሬም የማምነው ይህንኑ ነው።

«አባዬ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ይህን ጦረኛ ካሸነፍኩ ይተዉኝ፤ ከተሸነፍኩ ዳግም እዚህ አልመጣም» አለኝ። ቃሉን እንደማያጥፍ ስለማውቅ ተስማማሁ።

የጌም ቤቱ ባለቤት «ቀላሉን ደረጃ ላድርግልህ? አባትህ ቆመው እያዩህ እኮ ነው» ብሎ ሳቀበት።

«በቀላሉማ ዝም ብሎ ቁልፍ መጫን ነው፤ ሰውየውን ማየት አያስፈልግም» አለና ከባዱን መረጠ።

እውነቱን ነበር። በከባዱ ደረጃ የጠላቱ ጦር ሁለት ጊዜ ካገኘው ያበቃለታል። ስለዚህ አይቸኩልም፤ የጠላቱ ትከሻ ሲነሳ ጎንበስ ይላል፣ ጦሩ ሲያልፍ አንዴ መትቶ ይሸሻል። እኛ ፈረሰኞችም በጉግስ ሜዳ ዘንግ የሚወረውረውን ሰው ትከሻ ነው የምናየው። ልጄ ይህን ያህል ትዕግሥት እንዳለው አላውቅም ነበር። እንዲያሸንፍ መመኘት ጀመርኩ።

ጠላቱን ለመጣል አንድ ምት ሲቀረው፣ ለፈረሰኛ እንደምንጮኸው «በለው!» ብዬ ጮህኩ። ልጄ ደንግጦ ያለጊዜው ሰነዘረ፤ ጦሩ ለሁለተኛ ጊዜ አገኘውና ተሸነፈ።

«ድገመው፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«ቃል ቃል ነው፣ አባዬ» አለና ጆይስቲኩን በቀስታ አስቀመጠ። ይህን ያስተማርኩት እኔው ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ጌም ቤት አልገባም፤ «ጨዋታ ጊዜ ይበላል» ብሎ እኔ ጉግስ ስጋልብ ለማየትም አልመጣም። ባለቤቱም ደንበኛውን አጣ። ሦስታችንም ለከሰርንበት ለዚያ ጨዋታ የጠየቀን ሂሳብ ግን አምስት ብር ብቻ ነበር።