ቀጥ ያሉ ዓሦች

በውሃ ማጣሪያው ላብራቶሪ የዓሣ እንቁላል የምታሳድገውን ሴት ባልደረቦቿ «ጥድፊያ» ነው የሚሏት። አልዋሹም። ስትራመድ ጫማዋ ከኋላ የሚቀር ይመስላል፤ ደስ ካላት ደግሞ ወሬው ቀድሟት ቤት ይገባል።

ክሎሪን ውሃ ውስጥ የሚጨመረው በሽታ አምጪ ተሕዋስያንን እንዲገድል ነው፤ ይገድላልም። ወንዙ ይዞት ከመጣው የበሰበሰ ቅጠል ጋር ሲገናኝ ግን ሌላ ነገር ይወልዳል፤ ለዓመታት ሲጠጡት ለጤና የማይበጅ። እሷ ታዲያ ጉዳቱ ቶሎ እንዲታይ ያንን ውሃ አጠንክራ የዓሣ እንቁላል ትነክርበትና በማይክሮስኮፕ ታያለች። እንቁላሉ ጥርት ያለ ነው፤ ያልተፈለፈለው ዓሣ ልቡ ትር ትር ሲል ይታያል። ስንት ጊዜ አይታው፣ ዛሬም ባየችው ቁጥር ጮቤ ትረግጣለች።

በመጀመሪያው ሙከራ ግን እንቁላሎቹ በሙሉ አለቁ። እሷም ነገሩን ሳታጣራ እየበረረች ቤት ገብታ ለታናሽ እህቷ ዘረገፈችው፦

«የቧንቧው ውሃ ጨረሳቸው! አንድ እንኳ አልተረፈም!»

እህቷ ነፍሰ ጡር ነበረች።

በማግስቱ ጥፋቱ የራሷ ሆኖ ተገኘ። እንቁላሎቹን ከመንከሯ በፊት ውሃው ውስጥ የቀረውን ክሎሪን ማስወገድ ነበረባት፤ ረሳችው። ሰውን ምንም የማትለው ያቺ ጥቂት ክሎሪን ለዓሣ መርዝ ናት። ይህን ለእህቷ ብትነግራት ማን ሰምቷት! ታናሽ ክሎሪን ያልነካውን የጎረቤት ጉድጓድ ውሃ መቅዳት ጀምራለች። ብዙም ሳይቆይ ተቅማጥ ጣላት፤ ሐኪሙም ከተደገመ ለሕፃኑ ያሰጋል አለ። ታላቂቱ የቧንቧውን እንድትጠጣ ለመነቻት።

«እትዬ፣ ዓሦቹ አለቁ ያልሽው አንቺ ነሽ» አለች ታናሽ ከአልጋዋ ሳትነሳ።

«ተሳስቼ ነው አልኩሽ እኮ!»

«ታዲያ የትኛውን አፍሽን ልመን?»

በዚያው ሰሞን ማጣሪያው አሠራሩን ቀየረ፤ ክሎሪኑ ቅጠላ ቅጠሉ ተጣርቶ ከወጣ በኋላ እንዲጨመር ተደረገ። አዲሱ ውሃ ለሙከራ ወደ እህትማማቾቹ ሰፈር ተለቀቀ፤ ይቀጥል አይቀጥል የሚለየው በእንቁላሎቹ ነው። ጥድፊያ በዚህ ጊዜ ረጋ ብላ ሠራች። ክሎሪኑን አስወገደች፣ ደግማ መረመረች፣ የላብራቶሪውን ኃላፊም ጠርታ አሳየች።

የተፈለፈሉ ዕለት ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሰች። በድሮው ውሃ ካሉት ጥቂቶቹ ጀርባቸው ጎብጧል። በአዲሱ ውሃ… ሁሉም ቀጥ ብለዋል! አንዱማ ሹልክ ብሎ ከዓይኗ ጠፋ።

«ኧረ ኑ እዩልኝ! ቀጥ ብለዋል!»

ኃላፊው አየና «እሰይ! እሰይ! ግን ሪፖርቱን ሳትጽፊ እንዳትሮጪ» አለ።

ሮጠች እንጂ!

ቤት ስትደርስ ቦርሳዋን እንኳ ከትከሻዋ ሳታወርድ ከቧንቧው አንድ ብርጭቆ ቀድታ ለእህቷ ዘረጋችላት።

«ይዋኛሉ! ቀጥ ብለው ይዋኛሉ! ጠጪ!»

ታናሽ አልተቀበለችም። ዓይኗ ቦርሳው ላይ ነበር፤ የታሸገ ውሃ አንገቱን ብቅ አድርጓል።

«አንቺስ የቱን ነው የምትጠጪው?»

እንቁላሎቹ ካለቁበት ቀን ጀምሮ ጥድፊያም ፈርታ የታሸገ ስትገዛ ከርማለች፤ ልብ ሳትለው ልማድ ሆኗታል። አፈረች። ብርጭቆውን ወደ ራሷ መለሰችና፣ ያለወትሮዋ ቀስ ብላ፣ እህቷ እያየቻት ጠጣች። ግማሽ ሲደርስ ታናሽ እጇን ዘረጋች።

«በቃሽ፤ የቀረውን ለእኛ ተዪልን።»