የመምህሩ ብስክሌት

መቱ ገበያ ዳር፣ ከብስክሌት ጠጋኙ ደጃፍ ላይ የሰንሰለት ቅባት ሲሸተኝ ዛሬም እግሬ አልሄድ ይለኛል።

በደርግ ጊዜ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የእንግሊዝኛ መምህራችን በቃል ፈተና ብስክሌት እንዴት እንደሚሄድ ጠየቀኝ። ፔዳሉ ሰንሰለቱን፣ ሰንሰለቱ የኋላውን ጎማ እንደሚያዞር በእንግሊዝኛ አስረዳሁ።

«አንቺ ብስክሌት የት ታውቂያለሽ? ማን አስጠናሽ?» አለኝ በአማርኛ። ክፍሉ ሳቀ።

ማንም አላስጠናኝም። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ጋሼ ቶላ ጠዋት ጠዋት የመምህሩን ብስክሌት ገልብጠው ቀይ ጭቃውን ሲያጥቡ፣ ፔዳሉን የማዞርላቸው እኔ ነበርኩ። ጎማው ሲፈጥን ሽቦዎቹ ከዓይን ይጠፋሉ፤ በቦታቸው ፀሐይ የገባችበት የውሃ ብናኝ ብቻ ይቀራል። ትንፋሼን ይዤ አየው ነበር።

«ቀስ በይ፣ ኢንተሎ» ይሉኛል ጋሼ ቶላ፣ ልጄ ለማለት። «ሌላ ሰው እንደነካው መምህሩ ካወቀ እኔን ነው የሚያስባርረኝ።»

ስለዚህ ዝም አልኩ። መምህሩም አጭበርብራለች ብሎ ዜሮ ሰጠኝ። አሁን ጋሼ ቶላ የሉም፤ መምህሩ በሕይወት ካለ ይስማ።

ዛሬ ጠጋኙ አንድ ብስክሌት ገልብጦ አቁሞ ነበር።

«እትዬ፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ።

«ፔዳሉን አንዴ ላዙረው?» አልኩት።