አሳ ያዘዝኩ ዕለት

ልጄ የመስተንግዶ ትምህርት በተማረችበት ዓመት ቤታችን ሆቴል ሆኖ ነበር። አመሻሽ ላይ ከሶዶ ገበያ ስመለስ፣ የቅቤ ዕቃዬን ገና ሳላወርድ፣ ነጭ ፎጣ ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ በር ላይ ትቀበለኛለች። ወንበር ትስብልኛለች። ከዚያ ቀጥ ብላ ቆማ፣

«ጉድ ኢቭኒንግ ማዳም! ዋት ውድ ዩ ላይክ ቱ ኦርደር?» ትለኛለች።

እኔ ደግሞ ወንበር ሲሳብልኝ ሊጥሉኝ ይመስለኛል። «ተይኝ ልጄ፣ እራት ልሥራበት» ብዬ ወደ ማዕድ ቤት እሸሻለሁ።

«እማዬ፣ ደንበኛ ማዕድ ቤት አይገባም!»

«ደንበኛው ካልገባ አባትሽ ምን ሊበላ ነው?»

አባቷ ከጓዳ ሆኖ ይስቃል።

ፈሪ ነኝ፣ አልደብቅም። ባጃጅ ላይ ስወጣ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ቀበሌ ከጠሩኝ ሌሊቱን አልተኛም። አማርኛውንም ከሃላሌ ገጠር ተድሬ ወደ ከተማ ከመጣሁ በኋላ ገበያ ውስጥ የለቀምኩት ነው፤ ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቀርቷል። እንግሊዝኛ የሚባለውማ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አየዋለሁ እንጂ አፌ ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

ልጄ ግን ያቺን «ኦርደር» የምትባል ቃል ካላስተማርኩሽ አለች። ጎደሬ እየላጥን ትጠይቀኛለች፣ እኔም እጠይቃታለሁ።

«ማዘዝ ማለት ነው አይደል? ታዲያ አንድ ቃል ለምን አይበቃቸውም? ትናንት ሌላም ስታነቢ ነበር።»

«ብዙ ነው እማዬ። ኮማንድ አለ።»

«እሱን ልበል?»

«እንዳትዪ! እሱ ለወታደር ነው። ሾርባ ስታዢ ኮማንድ ካልሽ አስተናጋጇ ሰላምታ ሰጥታሽ ትሮጣለች።»

«ሌላውስ?»

«ሪኩዌስት። እሱ የቢሮ ነው፣ ማመልከቻ ጽፈሽ የምትጠይቂው ዓይነት።»

«ለሾርባ ማመልከቻ!»

«ለሾርባ ኦርደር ነው። በቃ።»

ከዚያ ወዲህ ገበያ ስቀመጥ ጆሮዬ ሰው እንዴት እንደሚያዝ መስማት ጀመረ። ጨውና ስኳር የምገዛበት ስልጤው ነጋዴ፣ ሰው ሱቁ ሲገባ «ምን ልታዘዝ እናቴ?» ይላል፤ ዕቃ ካለቀበት ደግሞ «አዝዣለሁ፣ መንገድ ላይ ነው» ይላል፤ ያ መንገድ ግን አያልቅም። ሥጋ ቤት የሚቀመጡት ወንዶች ቃል አያባክኑም፣ ያጨበጭቡና «ኪሎ! ከዳጣ ጋር!» ብለው ይጮኻሉ፤ ዳጣ የሚሉት የሚያቃጥለውን የበርበሬ ማባያ ነው። የቢሮ ሰዎች ቅቤዬን እየቀመሱ «ሁለት ኪሎ ያዢልኝ» ብለው ይሄዳሉ፣ ተመልሰው አይመጡም። እኔስ? እኔ ዕድሜዬን በሙሉ «ካለ ስጡኝ» ነው የምለው። ከሌለም ደህና። ምን እንደምፈልግ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ መልሱን አላዘጋጀሁትም።

እንዲህ እየሳቅን ሳለ የተግባር ፈተናው ደረሰ። ከማሠልጠኛው ውጪ የሚመጣ መዛኝ ፊት ተማሪዎቹ እንግዳ ተቀብለው ማስተናገድ አለባቸው፤ እንግዳውንም እያንዳንዱ ተማሪ ራሱ ያመጣል። ካለፈች አዲስ የተከፈተው ሆቴል እንደሚቀጥራት ነግሯታል። ከወደቀች ግን ዓመት መጠበቅ ነው፣ ሆቴሉ ደግሞ አይጠብቃትም። ለዚህ ቀን የታሰበችው ቦዲቲ ከተማ ቢሮ የምትሠራው አክስቷ ነበረች። እሷ እንግሊዝኛም ትችላለች፣ ቦርሳም አላት።

ጠዋት ስልክ ጮኸ። አክስቷ ናት። ስብሰባ ተጠርታለች፣ መቅረት አይቻልም።

ልጄ ፎጣውን እንደያዘች አልጋው ላይ ዝርፍጥ አለች።

«እኔ ልሂድልሽ?» አለ አባቷ።

«አባዬ፣ አንተ ሜኑው ሳይመጣ ታጨበጭባለህ።»

ሁለቱም ዞረው እኔን አዩኝ።

«አልችልም» አልኩ። ነጠላዬን ግን እየፈለግኩ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛዎቹ ነጭ ለብሰዋል። መዛኙ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል። በእያንዳንዱ ጠረጴዛ ሦስት ዓይነት ማንኪያ ተደርድሯል፤ አንዱን ነክቼ እንዳላወድቅ እጆቼን ጉያዬ ውስጥ ቀበርኳቸው። ልጄ መጣች። ወንበር ሳበችልኝ፣ ተቀመጥኩ፣ አልወደቅኩም። በእንግሊዝኛ ሰላም ብላኝ ወደ አማርኛ ተመለሰችና፣

«እንኳን ደህና መጡ እናቴ። ምን ልታዘዝ? ምን ያዝዛሉ?» አለችኝ።

እርስዎ አለችኝ! የገዛ ልጄ! ተለማምጄው የመጣሁት «ኦርደር» በዚያው ጠፋኝ። አፌ የመጣለትን፣ በሰው ቤት ሁልጊዜ የሚለውን አለ።

«አይ፣ አመሰግናለሁ። በልቼ ነው የመጣሁት።»

የመዛኙ እስክሪብቶ ከወረቀቱ ተነሳ። እኔም ያደረግኩት ያን ጊዜ ገባኝ። በኛ አገር እንግዳ ብሉ ሲባል ተስገብግቦ እሺ አይልም፣ ነውር ነው፤ ይለመናል፣ እምቢ ይላል፣ እንደገና ይለመናል። እዚህ ግን አስተናጋጅ እንጂ ባለቤት የለም፣ ማን ይለምነኛል? ልጄን ጣልኳት አልኩ።

ልጄ አልደነገጠችም። ሜኑውን አጠፈችና ትንሽ ጎንበስ አለችልኝ።

«መንገዱ ሩቅ ነው እናቴ፣ እንዲሁ ቢሄዱ ቅር ይለናል። ትኩስ ሾርባ አለን።»

«ኧረ አላስቸግርሽ።»

«ምን ችግር አለው? አሳም አለ፣ ዛሬ ጠዋት ከአባያ የመጣ ነው። ትንሽ ይቅመሱልኝ።»

አሳ! ከአባያ ሐይቅ የሚመጣው አሳ ገበያ ውስጥ በፊቴ ያልፋል፤ ሁልጊዜ ወደ ሆቴል ነው የሚሄደው፣ ወደኔ ዞሮ አያውቅም። ሦስተኛ እምቢ ማለት ነበረብኝ፣ ምራቄ ግን ቀደመኝ።

«እንግዲያስ አሳው ይምጣልኝ» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። «ዳጣ ካለም ከዳጣ ጋር።»

ጻፈችና ሄደች። አሳው መጣ። በየትኛው ማንኪያ እንደሚበላ ስላላወቅኩ በጣቴ ጀመርኩ። መዛኙም ጠረጴዛችን ጋ መጥቶ ቆመ።

«እንግዳዋ አልፈልግም ብለውሽ ነበር» አላት። «ለምን አልተውሻቸውም?»

ያነሳሁትን ጉርሻ መልሼ ሳህኑ ላይ አስቀመጥኩ።

«አልፈልግም አላሉም ጌታዬ» አለች ልጄ፣ እጆቿን ወደኋላ አድርጋ። «ገና አልለመንኳቸውም ነበር።»

መዛኙ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈ። «ሌላ ከተማ እንዲህ ብትለምኚ የሚቆጣሽ እንግዳ ይኖራል፤ ሰውን እያየሽ ይሁን» አለ። ከዚያ ወደኔ ዞረ። «እናቴ፣ አሳው እንዴት ነው?»

«አሳው ጥሩ ነው። ዳጣው አንሷል።»

ካልኩ በኋላ ምላሴን መንከስ አማረኝ። እሱ ግን ሳቀ፤ «ዳጣ ይጨመርላቸው!» ብሎ እየጻፈ አለፈ። ልጄ ዳጣውን ይዛ ስትመለስ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን አፍና ነበር።

ውጤቱ ሲለጠፍ ስሟ ካለፉት መካከል ነበር። እንደማላነብ መስሏት ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ እኔ ግን ከሩቅ አይቼው ነበር።

ሆቴሉ ቀጠራት። የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል እኔንና አባቷን እዚያው ሆቴል ምሳ ጋበዘችን። እሷ ሌላ ጠረጴዛ ይዛ ስለነበር ያስተናገደችን ጓደኛዋ ናት፤ ፊቷ ጨዋ፣ እርሳሷ ዝግጁ። አባቷ ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ በክርኔ ጎሸም አደረግኩት።

«ምን ይታዘዝ እናቴ?» አለችኝ ልጅቷ።

«አሳ ነው የምፈልገው» አልኳት። «ግን አትጻፊ፣ ቆይ። መጀመሪያ እምቢ ልበል፣ አንቺም ትንሽ ለምኚኝ።»