ባሕር ያላየ የባሕር መምህር

ስለ ባሕር ዳርቻ ደንና ስለ ባሕር ውስጥ ሕይወት ጥበቃ ደሴ ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና ተዘጋጅቷል ተብሎ ደብዳቤ ሲመጣ፣ መካነ ሰላም ካለነው የባዮሎጂ መምህራን ዕጣው ለእኔ ወጣ። ርዕሰ መምህራችን ወረቀቱን ሲሰጡኝ «ለአካባቢያችን እጅግ አስፈላጊ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከወሎ ቦረና ተነሥቶ ባሕር ለመድረስ የሁለት ቀን መንገድ ብቻ ነው የሚቀረን።

ሥልጠናው ግሩም ነበር። መብራት ስለጠፋ ዓሣ ነባሪን በቃል ተማርን። አሠልጣኙ መድረኩ ጫፍ ላይ ቆሞ «ርዝመቱ ከዚህ እስከዚያ በር» አለን፤ ጻፍን። ማንግሮቭ የሚባል፣ ጨው ውኃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ መኖሩንም ነገረን። በሦስተኛው ቀን የምስክር ወረቀቴን ተቀብዬ፣ የባሕር ሊቅ ሆኜ፣ በሚኒባስ እየተናጥሁ ተመለስሁ።

የቅዳሜ ተማሪዎቼ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ነጋዴዎች፣ የጥበቃ ሠራተኞች፣ ከዓረብ አገር የተመለሱ ሴቶች። ጉሮሮዬን ጠርጌ «ባሕር ውስጥ የሚበቅል ዛፍ ማን ያውቃል?» አልኋቸው።

«ባሕር ዛፍ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

በመስኮቱ በኩል ኮረብታው ሁሉ ባሕር ዛፍ ለብሶ ይታያል። ምን ብዬ ልቆጣ?

ማንግሮቩን ሰሌዳው ላይ ሣልሁ። ከሳዑዲ ከተመለሰች ሁለት ዓመት የሆናት አንዲት ሴት እጇን አወጣች። እስከዚያ ቀን ድምፅዋን የምሰማው ስም ስጠራ ብቻ ነበር።

«መምህር፣ ሥሩ እንደዚያ አይደለም።»

ምስክር ወረቀት ያለው ሰው እንዲህ ሲባል አይወድም። «አይተሽዋል?» አልኋት።

«ወላሂ፣ ሥሩ ላይ ተቀምጫለሁ። እርስዎስ አይተውታል?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

«ጅቡቲ ዳርቻ ጀልባ ስንጠብቅ አራት ቀን ሥሩ አድረናል» አለች። «ሌላ ጥላ የለም። ሻይ እናፍላ ብለን ቅርንጫፉን መቁረጥ ስንጀምር አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ እየጮሁ መጡ። ሊመቱን መስሎን ነበር።»

«መቷችሁ?» አልኋት።

«ኧረ ምን! እጄን ይዘው ውኃው ውስጥ አስገቡኝና ‹ተመልከቺ› አሉኝ በዓረብኛ። በሥሮቹ መሐል ጥፍር የምታክል ዓሣ መዓት! ‹ጫጩቶቹ የሚያድጉት እዚህ ነው። ዛፉን ከቆረጣችሁት እኛም አንበላ› አሉን። ከዚያ ከቤታቸው ማገዶ አምጥተው ሰጡን።»

ዓይኗን ከሥዕሌ ሳታነሣ «ሻዩን ያፈላችው ጓደኛዬ ባሕሩን አልተሻገረችም» አለች።

ጠመኔውን ሰጠኋት። የእኔን ሥዕል አጠፋችና ሥሮቹን እንደ ጎበጡ ጣቶች አድርጋ ውኃው ላይ አቆመቻቸው። ከደብተሬ ላይ የአሠልጣኙን ሰርዤ የእሷን ገለበጥሁ። ለርዕሰ መምህሩ ግን «ሥልጠናው በብቃት ወርዷል» የሚል ሪፖርት አቀረብሁ። ከየት ወደየት እንደወረደ የጠየቀኝ የለም።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ከወር በኋላ የትምህርት ቤቱ አጥር በግንብ ሊሠራ ሲሆን፣ መስመሩ ላይ የቆመው አሮጌ ወይራ ይቆረጥ ተባለ። ቅዳሜ ስንደርስ መጥረቢያው ቀርቧል። ሴትዮዋ ደብተሯን እንደያዘች ሄዳ ግንዱን ተደግፋ ቆመች። ተማሪዎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት።

«እዚህ ላይ ስንት ወፍ እንደሚያድር ያውቃሉ?» አለቻቸው ርዕሰ መምህሩን።

«እመቤቴ፣ ይኼ እኮ ባሕር አይደለም!» አሉ፤ የማንግሮቩ ወሬ እሳቸውም ዘንድ ደርሶ ኖሯል።

«አላህ ይስጥዎት፤ ባሕር ቢሆንማ ማን ይቆርጠው ነበር? እዚያ የሚቆጣ ሽማግሌ አለው።»

ርዕሰ መምህሩ ወደ እኔ ዞሩ። በባሕር ጉዳይ የሠለጠንሁ ባለሙያ ነኝና አስተያየቴን ፈለጉ። ሄጄ ከእሷ አጠገብ ቆምሁ፤ ይህን ግን ሪፖርት አላደረግሁም።

ወይራው ቀረ። አጥሩ እዚያ ሲደርስ ጎበጥ ብሎ ያልፈዋል። የማያውቁ እንግዶች ግንበኛው ሰክሮ ነበር ይላሉ።