የነጋዴዎቹ ደረጃ

ባለፈው ሳምንት ወልድያ ላይ ከትምህርት ቤት ስወጣ፣ የአንድ ሕፃን ፎቶግራፍ በትልቁ የተለጠፈበት ባጃጅ መንገድ ዳር ቆሞ አገኘሁ። ልጁ መራመድ አይችልም፤ ለሕክምናው በካርቶን ገንዘብ ይሰበሰባል። ኪሴን ዳብሼ ወደ ካርቶኑ ስጠጋ ማይክራፎን የያዘችው ወጣት ዞረችብኝ።

«ጋሼ፣ ስም ማን ልበል?»

ጥያቄው ቀላል ነው። እኔን ግን ዓመታት ወደ ኋላ፣ ወደ መርሳ መለሰኝ።

መርሳ በመምህርነት የተመደብኩት ኮሌጅ እንደጨረስኩ ነው። መርሳን ለማያውቅ ላስረዳ፤ ማስረዳት ሥራዬም አመሌም ነው። ከወልድያ ወደ ደሴ ሲወርዱ ከውርጌሳ በፊት ትገኛለች። ሙቀት ነው አገሩ። ብርቱካንና ፓፓያ በየመንገዱ ዳር ይከመራል፤ ከግራና የሚመጣው ሽንኩርት በደረሰ ጊዜ ደግሞ ከተማው በሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

ዘምዘም የስድስተኛ ክፍል ተማሪዬ ነበረች። ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ ተብሏል። ከበሩ እስከ ክፍላችን ያለውን ዳገት ለመውጣት ሁለት ጊዜ ትቀመጣለች፤ ስትደርስ እስክሪብቶ ስትጠባ የዋለች ይመስል ከንፈሯ ሰማያዊ ይሆናል። አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተሰጥቷታል። ያ ካለፋት ሌላ ተራ መቼ እንደሚደርሳት የሚያውቅ አልነበረም።

የፍራፍሬና የሽንኩርት ጅምላ ነጋዴው ሐጂ ይማም የከተማውን ነጋዴዎች ሰብስበው ለእሷና መራመድ ለማይችሉ ሁለት ልጆች መዋጮ ጀመሩ። ጸሐፊ ሲፈልጉ እኔን ጠሩኝ። በመጀመሪያው ቀን ብዙ ሰው መጥቶ ሰጠ፤ ቀሪውን በሚቀጥለው ስብሰባ እንጨምራለን ተባባሉ። የሰጠውን ሁሉ በስሙ መዘገብኩ።

እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩት። ቅዳሜን ሙሉ ቁጭ ብዬ፣ በማስመሪያ አስምሬ፣ በቀይና በሰማያዊ ቀለም አንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ሠራሁ። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የሰጡት፣ ደረጃ። ልክ እንደ ክፍል ውጤት፣ ከአንደኛ እስከ ሠላሳ አንደኛ። የሐጂ መጋዘን በር ላይ ለጠፍኩት። ተማሪ ደረጃውን ሲያይ ይበረታል፤ ነጋዴም እንደዚያው መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ስድስት ሰው መጣ። ከስድስቱ አንዱ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡት አቶ ፈንታ ናቸው።

«መምህር፣ አንደኛ ወጣሁ አሉ» አሉኝ እየሳቁ። «ትምህርት ቤት ሳለሁ ከመጨረሻ ሁለተኛ ነበርኩ። እናቴ ይህን ሳታይ መሞቷ።»

«ሌሎቹስ የት ቀሩ?»

«ወላጅ አምጡ እንዳትላቸው ፈርተው ነዋ።»

ቀልዱን ቀልድ ብዬ አለፍኩት። በማግስቱ ግን ዘምዘም በእረፍት ሰዓት ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች።

«መምህር፣ አባቴ ለምን መጨረሻ ወጣ?»

አባቷ ዓሊ ሽንኩርት ጫኝ ነው። ለሌሎቹም ልጆች ይሁን ብሎ የቀን ገቢውን ሰጥቶ ነበር። እኔም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ሠላሳ አንደኛ ብዬ ጽፌዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ አስጠሩኝ። ሰንጠረዡን ከበሩ ላይ አንስተው አራት አጥፈውታል።

«ዓሊ፣ ‹በዚህ ገንዘብ ልጄን አልወስድም› ብሎኛል» አሉ። ለቀጠሮው የቀረው ዘጠኝ ቀን ነበር።

«ሐጂ፣ እኔ ግልጽ እንዲሆን ብዬ...»

«ልጄ፣ ቀኝ እጅ የሰጠችውን ሰደቃ ግራዋ እንኳ አታውቅም። አንተ በር ላይ ለጠፍከው። ያነሰ የሰጠ አፍሮ ቀረ፤ የበዛ የሰጠ ታይታ እንዳይሆንበት ብሎ ቀረ። ታዲያ ማን ይምጣ?»

በገበያው ቀን ሐጂ ማሾ የሚባለውን አረንጓዴ ጥራጥሬ እስከ ግማሹ የያዘ ጆንያ መጋዘኑ መሀል አስቀመጡ። ደንቡ ይህ ነው፦ የመጣ ሁሉ፣ ያለውም የሌለውም፣ እጁን ጨብጦ እስከ ክርኑ ይከታል፤ ብር ከያዘ እዚያው ትቶ፣ ባዶውን ዘርግቶ ያወጣል። ነጋዴውም፣ ደላላውም፣ ጫኙም። የጅምላው ድምር ኋላ ይነገራል፤ የማን እንደሆነ ግን አይነገርም።

«አንተ ደግሞ እስክሪብቶህን ስጠኝ» ብለው ከደረት ኪሴ መዝዘው ወሰዱ።

እኔም እጄን ከትቼ ጥግ ይዤ ቆምኩ። ሰው ይገባል፣ ማሾው ይንሿሿል፣ ሰው ይወጣል። የቀሩት ነጋዴዎች ሁሉ መጡ። አቶ ፈንታ ክርናቸውን እያራገፉ፣ «ዛሬስ ስንተኛ እንደሆንኩ ማን ይነግረኛል?» አሉ። ዓሊ ከጫኞቹ ጋር ገብቶ እጁን ከተተ። አወጣና ማንንም ሳያይ ወደ በሩ አመራ። ሐጂ ትከሻውን ያዙት።

«አንተም ከተሃል፣ እኛም ከተናል። አሁን ተደባልቋል። እንግዲህ እምቢ የምትለው የማንን ነው?»

ዓሊ ወደ ጆንያው ዞሮ አየ። ከዚያ፣ «ኢንሻአላህ እንሄዳለን» አለ።

ገንዘቡን ከማሾው የለየነው በወንፊት ነው። ሁሉም ብር አቧራ ለብሶ ጥሬ ጥሬ ይሸት ነበር። ለጉዞውም ለመድኃኒቱም በቃ፤ ለሁለቱ ልጆችም ዊልቸር ተገዛ። ዘምዘም በሚቀጥለው መስከረም ዳገቱን ሳትቀመጥ ወጣች። ክፍል ስትደርስ ከንፈሯን አየሁና ስም መጥራቴን ቀጠልኩ። እስክሪብቶዬን ሐጂ ሳይመልሱልኝ ሞቱ፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ዛሬም ደረጃ አወጣለሁ፤ መመሪያው ያዛል። ሰርተፍኬቱን ግን ለእያንዳንዱ ልጅ አጥፌ ነው የምሰጠው። የሰው አቅም ይለያያል፣ ያን መደበቅ አይቻልም፤ በር ላይ መለጠፍ ግን ግዴታ አይደለም።

ባጃጁ አጠገብ ያለችው ወጣት አሁንም መልስ ትጠብቃለች። የጨበጥኩትን እጄን ካርቶኑ ውስጥ ከትቼ ዘርግቼ አወጣሁ።

«ስሙን ተይው» አልኳት።

ጥቂት እርምጃ እንደሄድኩ ድምፅ ማጉያው ከኋላዬ ጮኸ፦ «ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉ አንድ መምህር!»

የኮቴን እጅጌ አየሁት፤ ጠመኔ በጠመኔ ሆኗል። ሐጂ ይማም ቢኖሩ ኮትህንም አውልቅ ይሉኝ ነበር።