ሁሉም የሚያጠጣው ዛፍ

በኮሪያ የወደብ ከተማ፣ ከሞክፖ ዓሣ ገበያ ወደ ላይ በሚያወጣው ዳገት ላይ ጊልጃ ጸጉር ቤት አላት። ጸጉር ቤት ይባል እንጂ ለመሠራት ከሚመጣው ለመቀመጥ የሚመጣው ይበዛል። አንዷ ስኳር ድንች ቀቅላ ታመጣለች፣ አንዷ ምራቷን ለማማት ትመጣለች፣ ፐርም የያዘችውም ቢጎዲኗን እንደጠቀለለች ነጭ ሽንኩርት ትልጣለች። ጊልጃ የገባችውን ሁሉ «ተቀመጪ» ነው የምትለው። ስድሳውን አልፋለች፤ ጉልበቷን ያማታል፤ ባሏ ጀልባ ሲጠግን ውሎ ዝገት ዝገት እየሸተተ ይመጣል። «ደስተኛ ነሽ?» ብላችሁ ብትጠይቋት መቀሱን ሳታቆም «ታዲያ ምን ልሁን?» ትላችኋለች።

በመስኮቱና በመጀመሪያው መስታወት መሃል ዛፉ ቆሟል። የዋርካ ዘመድ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ቫዮሊን ወገቡ ጠበብ፣ ታችና ላዩ ሰፋ ያለ፣ አንዱ ብቻውን የሰው ፊት ይሸፍናል። ቤቱ ሲከፈት እህቶቿ ግንዱ ላይ ሪባን አስረው ያመጡላት ነው። ሪባኑ ቀይነቱ ለቆ ቢገረጣም እስካሁን አልተፈታም። የመክፈቻ ዛፍ ከደረቀ ቤቱም አይበረክትም ይባላላ! ጊልጃ «የባልቴት ወሬ» ትላለች፤ ሪባኑን ግን አትነካም።

እማማ ኦክቡን ከዚሁ ዳገት ጫፍ ናቸው። አምና በረዶ ሲጥል ባላቸው አረፉ። ጸጉራቸውን የሚቆረጡት አልፎ አልፎ ስለሆነ እዚህ ቤት ብዙ አይታዩም ነበር። ብርዱ እንዳለፈ አንድ ጠዋት ትንሽ ማንቆርቆሪያ አንጠልጥለው በሩ ላይ ቆሙ።

«የሩዝ እጣቢ ነው» አሉ። «መድፋቱ አሳዘነኝ። ዛፍሽ ይጠጣው ብዬ ነው እንጂ ልቀመጥ አልመጣሁም።»

«ይጠጣ፣ ይጠጣ። እስኪጠጣ ግን ይቀመጡ።»

ዛፉን አጠጡ፤ እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጡ። በማግስቱም መጡ፣ በሰልስቱም። ሰበባቸው ማንቆርቆሪያዋ መሆኗን የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አፍ አውጥቶ የሚናገር ግን የለም። ባዶ እጃቸውን ሰው ጋ የሚሄዱ ሴት አይደሉም።

ሙቀቱ ሲበረታ ዛፉ ታመመ። መጀመሪያ ቅጠሎቹ ላይ ጠቆር ያለ ነጠብጣብ ወጣ። ነጠብጣቡ እየሰፋ ሄደ፤ ከዚያ የታችኞቹ ቅጠሎች ዷ እያሉ ወለሉ ላይ ይወድቁ ጀመር። ጫማ የተወረወረ ነው የሚመስለው። በወደቀ ቁጥር ጊልጃ መቀሱን ታቆማለች።

«ጠምቶት ነው» አለች ዓሣ ሻጯ ሱኒም።

ጊልጃም ጠምቶት ይሆናል ብላ ውሃ ጨመረችለት።

የጉዱ ቀን እኔም ጸጉሬን ላደርቅ ካስክ ሥር ነበርኩ። ጊልጃ ዛፉን ወደ ብርሃኑ ላዙረው ብላ የተተከለበትን ሸክላ ብትገፋው ንቅንቅ አልል አለ።

«ሱኒም፣ ነይ እስቲ ግፊ። የዓሣ ሣጥን የምታነሺበትን ጉልበት አምጪው።»

«ምሳ ሳትጋብዢኝ?» እያለች ሱኒም ከነቢጎዲኗ ተነሣች። ሁለቱ ሸክላውን ዘንበል ቢያደርጉት ከጠርዙ ጥቁር ውሃ ዘለለና የሱኒምን ካልሲ አራሰው። ሽታውስ! ለካ ሸክላው ውስጥ ሌላ የፕላስቲክ ዕቃ አለ። በሁለቱ መሃል የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚገባው ዓይነት ነጭ ፎም ተጠቅጥቆ፣ ውሃው መውጫ አጥቶ ከርሟል።

ጊልጃ ጎንበስ ብላ አሸተተች። «ይሄ የገብስ ሻይ ነው!»

ሁሉም ኩባያውን አየ።

«እኔ የተረፈኝን ብቻ ነው» አለች ሱኒም ካልሲዋን እየጨመቀች። «ኩባያ ይዤ መታጠቢያው ድረስ ከምሄድ ብዬ...»

«ቡናውስ የማን ነው?»

«ግማሹን ነው የሰጠሁት» አለች ጥግ የተቀመጠችው ልብስ ሰፊ። «ደክሞት አየሁታ! እኔን ሲደክመኝ ቡና ነው የሚያነሣኝ።»

«ከነስኳሩ?»

«ያለ ስኳርማ ማን ይጠጣዋል?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ያልሳቁት እማማ ኦክቡን ብቻ ናቸው። ባዶዋን ማንቆርቆሪያ ጭናቸው ላይ አድርገው ክዳኗን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

ዛፉ ሲነቀል ግማሽ ሥሩ በስብሷል። ጊልጃ ለጸጉር በማይሆነው አሮጌ መቀሷ የበሰበሰውን ቆርጣ ጣለች። የዳነውን ጋዜጣ ላይ አናፍሳ፣ ታቹ ቀዳዳ ባለው ሸክላ፣ አሸዋ በተቀላቀለበት አፈር መልሳ ተከለችው።

«ከእንግዲህ አፈሩ ሳይደርቅ ጠብታ ውሃ የለም» አለች እጇን እያራገፈች። «ከማንም!»

ማንን እንዳባረረች የገባት ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። በማግስቱ እማማ ኦክቡን አልመጡም። በሰልስቱም አልመጡም። ቤቱ ጢም ብሎ እንኳ ወንበራቸው ላይ የሚቀመጥ ጠፋ።

«ዛፉን አድናለሁ ብለሽ እማማን አስቀየምሽ» አለቻት ሱኒም።

«ታዲያ ምን ልበላቸው? ዝም ብለው ይምጡ ብላቸው ያዘንኩላቸው ይመስላቸዋል፤ ቢሞቱ አይመጡም። ያጠጡ ብላቸው ዛፉ ይሞታል።»

«ይሙታ! ሌላ ይገዛል።»

«ከዚያ እኔ ገደልኩት ብለው ጭራሽ ይቅሩ?»

ይህ ጭቅጭቅ በራሱ ለሳምንት የሚበቃ ወሬ ነው።

ጊልጃ ከንፈሯን ነክሳ የእኔን ጸጉር መቁረጥ ጀመረች። ጎኔ የተቀመጠችው ሴት ጸጉር ላይ ስፕሬይ ለመንፋት ዞር ስትል ዓይኗ ዛፉ ላይ አረፈ። የተረፉት ቅጠሎች ላይ ስንት ዘመን የተነፋ ስፕሬይ፣ አቧራና ብናኝ ጸጉር ተለጥፏል። በአውራ ጣቷ ብትጠርገው ከሥሩ ሌላ አረንጓዴ ወጣ። እሷም ቆማ አየችው። ከዚያ መቀሱን አስቀምጣ፣ ግማሽ ጸጉሬ እንደተቆረጠ ትታኝ፣ ጉልበቷን እየያዘች ዳገቱን ወጣች። እኔም ራሴን በፎጣ ሸፍኜ ተከተልኳት፤ ይህንማ ማን ያመልጠዋል?

እማማ ኦክቡን ደጃፋቸው ላይ በርበሬ ያሰጣሉ።

«በዚህ ጉልበትሽ ምን አመጣሽ?»

«ልጣላዎት ነው የመጣሁት። ዛፉ ቆሽሿል።»

«እኔ ምን አገባኝ? አታጠጡ አልሽ፣ ተውኩ።»

«ማጠጣትማ ማንም ያጠጣል፤ ጉዱን አይተውታል። እኔ ያጣሁት ቅጠሉን አንድ በአንድ ከሥር በእጁ ደግፎ፣ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውልልኝ ሰው ነው። በዚያ እድፍ ውስጥ እንዴት ይተንፍስ?»

«ሱኒም አለች።»

«በዚያ እጇ? ዛፉ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።»

«ልብስ ሰፊዋስ?»

«ወሬ ሲሞቃት ቅጠሉን ትገነጥለዋለች።»

እማማ ኦክቡን በርበሬውን ገለበጡ። «ጨርቁ ምን ዓይነት ነው?» አሉ።

«ያው የጸጉር ፎጣ...»

«የጸጉር ፎጣ! ልትልጪው ነው እንዴ?» ብድግ አሉ። ጓዳ ገብተው የባላቸውን ነጭ ካናቴራ ይዘው ወጡና እዚያው ደጃፉ ላይ ሁለት ቦታ ቀደዱት። «ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ ነው። ከዚህ የለሰለሰ ጨርቅ ከየት ታመጫለሽ?» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የእነዚህን ሴቶች ልጆች አስተምሬያለሁና ሁሉም ቲቸር ነው የሚሉኝ። «ቲቸር፣ ጸጉርሽን ምን በላው?»

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ካናቴራውን አጣጥፈው ይመጣሉ። ከላይ ጀምረው ይወርዳሉ፤ ታችኛው ቅጠል ላይ ሲደርሱ የላይኛው እንደገና ስፕሬይ ጠጥቶ ይጠብቃቸዋል። ሥራው አያልቅም፤ እሳቸውም አይቸኩሉም። በነፋሻው ወር የዛፉ ጫፍ ላይ ያለችው ቡናማ ሽፋን ተሰነጠቀችና የድመት ጆሮ የምታህል፣ ቅቤ የተቀባች የምትመስል ቅጠል ብቅ አለች። ጊልጃ ልትዳስሳት እጇን ስትዘረጋ እማማ ኦክቡን በጨርቁ መቷት።

ያን ዕለት ጊልጃ ውሃ ቀድታ ወደ ሸክላው ስትጠጋ አየኋት።

«ቆይ!» እማማ ኦክቡን ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ከተቱ። «ገና ነው። ሐሙስ።»

«ቤቱ የኔ መስሎኝ!»

«ቤቱ ያንቺ ነው። ውሃውን መልሺ።»

ጊልጃ እየሳቀች ውሃውን መለሰች። ይህን ጊዜ ካስክ ሥር የነበረች አዲስ ደንበኛ የተረፋትን የገብስ ሻይ ይዛ ዛፉን አየት አደረገች። እማማ ኦክቡን ፊታቸውን እንኳ አላዞሩም።

«ጠጪው፣ ልጄ» አሉ ቅጠሉን እየወለወሉ።

ጠጣችው።