የሲስተር ስመኝ እጅ

ሰርካለም አስናቀው ራሷን ማመስገን አታውቅም። ማን አስተምሯት! አባቷ መሪጌታ ናቸው፤ እሳቸው ቤት «እኔ እንዲህ አደረግሁ» ያለ ልጅ ትን እንዳለው ሰው ጀርባውን ይመታል። መካነ ሰላም ላይ አዋላጅ ነርስ ሆና ስድስት ዓመት ስትሠራ፣ እናቶች ጉልበቷን ሊስሙ ሲጎነበሱ «ኧረ ተዉ፣ እኔ ምን አደረግሁ፣ እግዜር ነው» እያለች ታመልጣቸዋለች። ደግ ጠባይ ነው፣ ያስከብራል። ውጭ አገር ሥራ ለሚያመለክት ሰው ግን ጉድ ያፈላል።

ማመልከቱን ያመለከተችው ከልቧ ነበር። ደሴ ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ፓስፖርት አወጣች፤ ማታ ማታ መስታወት ፊት ቆማ እንግሊዝኛ ታወራለች። አከራይዋ እትዬ ብዙዬ በግድግዳው እየሰሙ ቢጨንቃቸው፣ አንድ ጠዋት «ልጄ፣ ጠበል ብንሄድ ምን ይመስልሻል?» አሏት። ይኼን ሁሉ ለፍታ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ ወደቀች። «አንቺ ራስሽ ምን ሠራሽ?» በተባለች ቁጥር «ጓደኞቼ ጎበዞች ናቸው፣ እግዚአብሔርም ረድቶናል» ስትል ሰዓቱ አለቀ።

የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዋ ሉሊት ማላዊ ለሥራ ከገባች ሁለት ዓመቷ ነው። በስልክ ጮኸችባት። «አንቺ ልጅ፣ ቅጥሩን ለእግዜር እንዲሰጡት ነው የፈለግሽው? የራስሽን ንገሪያቸው! አንድ ታሪክ ያዢ፤ እናት ልትሞት ስትል አንቺ ያዳንሻትን።»

ሌላ ድርጅት በስልክ ቪዲዮ ለቃለ መጠይቅ ሲጠራት ሰርካለም አንድ ታሪክ ይዛ ገባች። የፈርሂያን ታሪክ።

ታሪኩ እውነት ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት በክረምት፣ ፈርሂያ የምትባል ሴት ወግዲ መንገድ ላይ ካለ መንደር ቤቷ ወልዳ ደሟ አልቆም አለ። የቅሬው ሰዎች፣ ቀብርም ሆነ በሽተኛ የሚሸከሙት ጎረቤቶቿ፣ በቃሬዛ ይዘዋት ወጡ። አምቡላንሱን የሞላ ወንዝ ስላስቆመው ሁለት አዋላጆች በእግር ተሻግረው ተቀበሏት። አንደኛዋ የማዋለጃ ክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ስመኝ ናቸው። ጭቃው ላይ ተንበርክከው አንድ እጃቸውን ከውስጥ፣ አንዱን ከሆዷ ላይ አድርገው ማህፀኗን ጨምቀው ያዙ። ወንዙ እስኪጎድል አንድ ሰዓት ያህል ሳይለቁ ቆዩ። ሁለተኛዋ ሰርካለም ነበረች። ጉሉኮስ ከፍ አድርጋ ይዛ ታለቅስ ነበር።

ለቃለ መጠይቁ ሰዎች ስትነግራቸው ግን የተንበረከከችው እሷ ሆነች። ያለቀሰ ሰው አልነበረም። ስትጀምር ትንሽ ተንተባተበች፤ ወዲያው እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ወረደላት፤ እጇን እያነሣች እንዴት እንደጨመቀች አሳየቻቸው። አንደኛው ሰውዬ መነጽሩን አውልቆ «አስደናቂ ነው» አለ። እሷም «አመሰግናለሁ» አለች! ይቺ እግዜርን ሳትጠራ ምስጋና ተቀብላ የማታውቅ ልጅ። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷ ነደደ። ያን ቀን ምሳ አልበላ አላት። «ምን ይደረግ፣ ሁሉም እንዲህ ነው የሚገባው» ብላ ራሷን ልታባብል ሞከረች፤ ሆዷ ግን እሺ አላለም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን መልእክት መጣ፦ ተቀብለዋታል፤ ውሉን ፈርማ ትመልስ፤ ሥራው ማላዊ ነው። ሰርካለም እልል ማለት ቃጣት። ይኼኔ ሲስተር ስመኝ አንሶላ ወደሚቀመጥበት ክፍል ጠሯትና በሩን መለስ አደረጉት።

«ከድርጅቱ ደውለውልኝ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት» አሉ። «አማርኛ የምትችል ሴት ናት። ምስክር አድርገሽ የኔን ስም ሰጥተሽ የለም?»

ሰጥታለች። ማመልከቻው የአለቃ ስም ሲጠይቅ ከሳቸው በላይ የምታከብረው ሰው ስላልነበረ ጻፈቻቸው። ይደውላሉ ብላ አላሰበችም።

«ስለ ፈርሂያ ጠየቀችኝ። ‹ሰርካለም ናት እንዲህ አድርጋ ያዳነቻት?› አለችኝ።»

ሰርካለም መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። «ምን... ምን አሏት ሲስተር?»

«ምን ልበል? ‹ልጅቷ ቀጣፊ ናት› ልበል? አዎ እሷ ናት አልኩ። ‹እርስዎ የት ነበሩ?› ስትለኝ፣ ወንዝ ማዶ ቀርቼ ነበር አልኳት።» ሲስተር ስመኝ የታጠፈ አንሶላ አንሥተው እንደገና አጠፉት። «በፍልሰታ ጾም መሐል አዋሸሽኝ።»

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቢሰድቧት፣ በጥፊ ቢሏት በወደደች። ሰርካለም ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። «ይቅር ይበሉኝ ሲስተር! ዛሬውኑ እጽፍላቸዋለሁ። ዋሽቻለሁ እላቸዋለሁ፤ ሥራውም ይቅርብኝ።»

«ተነሺ። ይቅር ብዬሻለሁ።» ክንዷን ይዘው አነሷት። «መጻፉን ግን እንዳታስቢው። አሁን አንቺ እውነቱን ብትናገሪ ውሸታሟ እኔ ነኝ። ሠላሳ ዓመት እዚህ ከተማ ስሜን ጠብቄ ኖሬ፣ ጡረታዬ ሲደርስ ‹ለባልደረባዋ በሐሰት መሰከረች› ልባል? ያንቺን ሸክም ወስጄልሻለሁ፤ መልሰሽ እላዬ ላይ እንዳትጥይው።»

«ታዲያ እኔ እንዴት ልሁን?»

«አብሽሪ፣ ትሄጃለሽ። ሴቶቹ እዚያም ይደማሉ። ያን ጊዜ እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ ተማሪ፤ የቀረሽ ጊዜ ትንሽ ነው። ነገ ከኔ ጋር ግቢ፣ አሳይሻለሁ።»

ሲስተር ስመኝ ምጥ የያዛት መጥታለች ተብለው ተጠሩና ወጡ። ሰርካለም አንሶላዎቹ መሐል ቀረች። እንዳትናዘዝ ተከልክላ፣ እንዳትቀር ተከልክላ፣ ዕድሜ ልክ ይዛው የምትሄደው ሸክም እንደሆነ ገባት።

ማታ ውሉን ከፈተችው። የመጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከፊርማው መስመር በላይ፣ የሰጠችው ቃል በሙሉ እውነት መሆኑን በራሷ ስም የምታረጋግጥበት ዐረፍተ ነገር አለ። ሦስት ጊዜ አነበበችው። ብትፈርም ሐሰት ነው፤ ባትፈርም ደግሞ ‹ለምን?› ይሏታል፤ ያም ሲስተር ስመኝን ማጋለጥ ነው።

ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ፈረመች።